ሐራራው በመጣ ጊዜ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ ዕድሜዬ 41 ነው። ለ19 ዓመታት በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ሳጨስ ኖሬ ካቆምኩ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጥርሴን ነክሼ አለፍኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ይቀለኛል ብዬ ስጠብቅ ግን ሐራራው መልኩን ለወጠብኝ። ደኅና ውዬ ስልክ ሳነሳ፣ ምግብ በልቼ ስጨርስ ወይም ከሰው ጋር ስጋጭ በድንገት ውል ይልብኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በረባ ባልረባው እቆጣለሁ። ሲጋራውን ለመርሳት ቡና አበዛለሁ። የኒኮቲን ማስቲካ ገዝቼ በቀን አንድ ሁለት ባኝክም ሆዴን ከማቃጠል በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም፤ ደግሞስ አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ አይሆንም? ይባስ ብሎ ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ እጅ ሲጋራ ተቀብዬ ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ቀኑን እንደገና ከአንድ ልጀምር? ወይስ ለዚህ ነገር የሚሆን ጽናት የለኝም ማለት ነው? — አሥራ አንደኛው ቀን»

ውድ «አሥራ አንደኛው ቀን»፤

ደብዳቤውን ያስጻፈዎት ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የመጨረሻው ይመስለኛልና ከእርሱ ልጀምር። ወደ ሱስ በመመለስ ጉዳይ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር አለን ማርላት ካስተማራቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ያቆመን ሰው ወደ ቀድሞ ልማዱ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዋ ስሕተት ራሷ ሳትሆን፣ ከስሕተቷ በኋላ ሰውየው በራሱ ላይ የሚያስተላልፈው ፍርድ ነው የሚል ነበር። ሁለት ጊዜ የሳበ ሰው «እንግዲህ ተበላሽቷል፤ ድሮም አልረባም» ካለ በማግስቱ ፓኮ ይገዛል፤ «የት ነበርኩ፣ ከማን ጋር ነበርኩ፣ ከመሳቤ በፊት ምን ተሰማኝ?» ብሎ ከጠየቀ ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚሆን እውቀት ይዞ ይመለሳል። እርስዎ የጠየቁት «ጽናት አለኝ ወይ?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ቢያገኝም ባያገኝም ሲጋራው በእጅ በሚሰጥበት ሰዓት የሚያደርግልዎት ነገር የለም።

ይህን ስል ቅዳሜን ላቃልልልዎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መሳብ ብቻ በአንጎል ውስጥ ካሉት ዋነኞቹ የኒኮቲን ተቀባዮች፣ ማለትም ኒኮቲን መጥቶ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ ግማሽ ያህሉን ለሦስት ሰዓታት ያህል ይዞ እንደሚቆይ አሳይቷል። «አንዴ ብቻ» የምትባለዋ ነገር ለአንጎል ትንሽ አይደለችም ማለት ነው። እሑድና ሰኞ ሐራራው በርትቶብዎት ከነበረ ምክንያቱን ከባሕርይዎ ሳይሆን ከዚያች ቅምሻ ይፈልጉት። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚይዙት መስመር አንድም ጊዜ ያለመሳብ ይሁን፤ «ሰው ሲጋብዘኝ ብቻ» የሚባለው መካከለኛ መንገድ በቀን አንድ ፓኮ ሲያጨስ ለኖረ ሰው ብዙም ርቀት አያስኬድም።

አሁን ወደ ሐራራው እንምጣ። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሁለት ነገር ነው፤ እርስዎም ሳያውቁት «መልኩን ለወጠብኝ» ብለው ልዩነቱን በትክክል ገልጸውታል። የመጀመሪያው የገላ ሐራራ ነው። የተሳበ ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ከደረሰም በኋላ ተቀባዮቹ ላይ ተቀምጦ ዶፓሚን የተባለው የደስታና የመነሣሣት ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ አጫሹ ቀኑን ሙሉ ሲሞላና ሲጎድል ይውላል። ለዓመታት በዚህ ሁኔታ የኖረ አንጎል የተቀባዮቹን ቁጥር ያበዛል፤ ሲጋራው የቆመ ዕለት እነዚህ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ቁጣው፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ ከዚህ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከፍ ብሎ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እርስዎ ከባዱን ክፍል አልፈዋል።

ስልክ ሲያነሱ የሚመጣብዎት ግን ሁለተኛው ነው፤ እርሱ የገላ ሳይሆን የትምህርት ውጤት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ ሲጋራ አሥር ጊዜ ይስቡ ነበር ብንል፣ በቀን በ20 ሲጋራ 200 ጊዜ፣ በዓመት 73,000 ጊዜ፣ በ19 ዓመት ደግሞ ከ1.3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ስበዋል። እያንዳንዷ ሳብታ በሴኮንዶች ውስጥ ሽልማት ይዛ ስለምትመጣ፣ አንጎል በዚያች ቅጽበት በአጠገቡ የነበረውን ሁሉ፣ የስልኩን ድምፅ፣ የተነሣውን ሳሕን፣ የንዴቱን ትኩሳት፣ ከሽልማቱ ጋር አያይዞ መዝግቧል። ይህን ያህል ጊዜ የተደገመ ትምህርት በአሥራ አንድ ቀን አይረሳም። የሚረሳበት መንገድ ደግሞ አንድ ነው፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ሐራራው ይነሣል፣ ሲጋራው ግን አይመጣም፤ ይህ ደጋግሞ ሲሆን አንጎል ስልክና ሲጋራ እንደተለያዩ ቀስ በቀስ ይማራል። እንግዲህ ውል ባለብዎትና ሳያጨሱ ባለፉ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይላላል። ሐራራውን እንደ ሽንፈት ምልክት ማየትዎን እንዲተዉ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐራራ ያልተነሣበት ቀን ዕረፍት ይሰጣል እንጂ ብዙ አያስተምርም።

ሌላው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ርዝመቱ ነው። በድንገት የሚነሣው ሐራራ ካልተመገበ በስተቀር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአምስት ደቂቃ አካባቢ፣ ከፍ ብሎ ይወርዳል። በውስጡ ላለ ሰው ግን ካላጨሰ መቼም የማይለቅ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም 19 ዓመት ሙሉ መጨረሻውን አይቶት አያውቅም። ሁልጊዜ ገና ሲጀምር ነው ላይተር የሚያነሣው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሰዓትዎን ይመልከቱና የጀመረበትን ደቂቃ ይያዙ፤ ሲለቅዎትም ይመዝግቡ። ሦስት አራት ጊዜ ከመዘገቡ በኋላ በእጅዎ የሚኖረው ማስረጃ ከማንኛውም አማካሪ ቃል ይበልጣል።

በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ምን ይደረግ? በቅድሚያ የማይደረገውን ልናገር፦ «ስለ ሲጋራ ማሰብ የለብኝም» ብለው ከሐሳቡ ጋር አይታገሉ። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ታዋቂ ሙከራ ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ቢያዛቸው ድቡ እየተመላለሰ አእምሯቸው ውስጥ ገባ፤ ክልከላው ሲነሣማ ከማንም በላይ ስለ ድቡ ያሰቡት እነርሱ ሆኑ። ማርላት ያስተማረው ዘዴ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሐራራውን እንደ ማዕበል ቆጥሮ በላዩ ላይ መንሳፈፍ። ቁጭ ብለው የት እንደሚሰማዎት ይፈልጉት። ጉሮሮዎ ላይ ነው? ደረትዎ ላይ? ሁለቱ ጣቶችዎ መካከል? እየበረታ ነው ወይስ እየላላ? «አጭስ» ለሚለው ሐሳብ መልስ ሳይሰጡ፣ ዝናብ እስኪያባራ መስኮት ላይ እንደቆመ ሰው ይመልከቱት። ለአንዳንዶች ይህ ዘዴ መጀመሪያ ላይ ሞኝነት ይመስላቸዋል፤ ቢሆንም ሦስት ቀን ሳይሞክሩት አይተዉት።

ለእርስዎ ሦስት አጋጣሚዎች ግን ከዚህ በላይ የተቆረጠ ነገር ያስፈልጋል፤ ሐራራው ከመጣ በኋላ መላ መፈለግ ስለሚከብድ መላው አስቀድሞ ተወስኖ ይጠብቀው። ስልክ ሲጮኽ ቀድሞ ሲያጨሱ ከሚቀመጡበት ወይም ከሚቆሙበት ቦታ ይራቁ፤ ሲጋራ ይይዝ በነበረው እጅዎ ስልኩን፣ በሌላው ደግሞ እስክሪብቶ ይያዙ፤ የምላስና የጣት ልማድ ቀላል ልማድ አይደለምና እጅ ባዶውን አይቅር። ምግብ በልተው ሲጨርሱ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ ከገበታው ይነሡ፤ ጥርስዎን ይቦርሹና ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ። የጥርስ ሳሙናው ጣዕም ለአፍ «ማዕዱ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ጉዞውን በተመለከተ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚደረግ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በሚደረግበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ፣ ሐራራን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። በምሽት መጠጥ የሚቀምሱ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይተዉት። ውሳኔን እንደ መጠጥ የሚያላላ ነገር የለም።

ጭቅጭቁ ግን ከሁለቱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሲጋራ ያረጋጋኛል የሚለው እምነት ስር የሰደደው በዚያ በኩል ነው። ሲጋራ ያረጋጋዎት ነበር፤ ነገር ግን ከምን? ካለፈው ሲጋራ ወዲህ ሲጎድል ከቆየው ኒኮቲን መቅበጥበጥ። የጠበበ ጫማ አድርጎ ውሎ ማታ ሲያወልቀው «ጫማ ማውለቅ እንዴት ደስ ይላል» እንደሚል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ያቆሙ ሰዎች ከወራት በኋላ ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ቀንሶ እንደተገኘ አመልክቷል። እስከዚያው ድረስ ግን ንዴት ይመጣል። ሲመጣ «አሥር ደቂቃ ልቆይና እመለሳለሁ» ብለው ተናግረው ከክፍሉ ይውጡ፤ ሳይናገሩ መውጣት ሌላ ጠብ ነው። ውጭ ሆነው በአፍንጫ በዝግታ አየር ያስገቡ፤ ሲያስወጡ ካስገቡበት የረዘመ ጊዜ ይውሰዱ። ሲጋራ ሲያጨሱ ካረጋጋዎት ነገር ከፊሉ ይኸው ረጅም ትንፋሽ እንደነበር ልብ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው።

የእጅዎ መንቀጥቀጥና የእንቅልፍዎ ነገር ደግሞ ለብቻው መልስ ይሻል፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የትምባሆ ጭስ በጉበት ውስጥ ካፌይንን የሚሰባብረውን ኤንዛይም ያፋጥናል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ውስጥ ያለው ውህድ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ስለዚህ አጫሽ ሰው የጠጣው ቡና ከሌላው ሰው በፍጥነት ከሰውነቱ ይወጣል፤ ማጨሱን ሲያቆም ግን ያ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይቀንስና ያው የቀድሞው ቡና በደም ውስጥ እጥፍ ያህል ሊከማች ይችላል። እርስዎ ደግሞ ቡናውን ጨምረውበታል። የልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፦ እነዚህ ሁሉ የካፌይን መብዛት ምልክቶች ሲሆኑ ከሲጋራ ሐራራ ጋር በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሰው ቡናውን ትቶ ሲጋራውን ይወቅሳል። ድሮ ይጠጡት ከነበረው መጠን ወደ ግማሽ ያውርዱት፤ ከቀትር በኋላም ባይነኩት ይመረጣል። በዚሁ ምክንያት እንደ ክሎዛፒን፣ ኦላንዛፒን ወይም ቲዮፊሊን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ማጨሱን ሲያቆም መጠናቸው መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ኢንሱሊን የሚወስድም፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ ለሐኪሙ ይንገር።

ማስቲካውንም ቡናው ሳይጎዳብዎት አልቀረም። የኒኮቲን ማስቲካ ስሙ ማስቲካ ይሁን እንጂ እንደ ማስቲካ የሚታኘክ አይደለም። ቀስ ብለው ጥቂት ጊዜ ነክሰው እንደ በርበሬ የሚለበልብ ስሜት ሲመጣ በጉንጭዎና በድድዎ መካከል ያሳርፉት፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ይንከሱት፤ በዚህ መልኩ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በአፍ ሽፋን በኩል ነው፤ ቶሎ ቶሎ ከታኘከ ከምራቅ ጋር ይዋጥና ሆድን ያቃጥላል፣ ስቅታም ያስነሣል። ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጦች አፍን አሲዳማ ስለሚያደርጉ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ማስቲካው ከመወሰዱ 15 ደቂቃ በፊትና በአፍ ውስጥ እያለ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣም። መጠኑስ? የመጀመሪያዋን ሲጋራ ከእንቅልፍ በተነሡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያጨሱ ከነበረ ባለ 4 ሚሊ ግራሙ፣ ካልሆነ ባለ 2 ሚሊ ግራሙ ይመከራል። በቀን አንድ ሁለት ፍሬ ለእርስዎ ምንም ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ መውሰድ የተለመደው አጠቃቀም ነው፤ በቀን ከ24 ፍሬ ግን አይበልጥም።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፓች ቀኑን ሙሉ በዝግታ ኒኮቲን ስለሚለቅ የገላውን ሐራራ ያረጋጋል፤ ማስቲካው ደግሞ በድንገት ለሚነሣው ይቀመጣል። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የበለጠ ውጤት እንዳለው ይታወቃል። በቀን ከአሥር ሲጋራ በላይ ያጨስ የነበረ ሰው ብዙውን ጊዜ በ21 ሚሊ ግራም ጀምሮ ወደ 14 እና ወደ 7 እየወረደ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይጨርሳል። «አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ» ላሉት፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ካንሰሩንና የሳንባውን በሽታ በዋናነት የሚያመጣው ግን ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው። ፓችና ማስቲካ ጭስ የላቸውም፤ ኒኮቲናቸውም አንጎል የሚደርሰው በሴኮንዶች ሳይሆን በዝግታ ስለሆነ ያንን ፈጣን ሽልማት አይሰጡም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ በ2021 ደግሞ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉትን እንክብሎች ጨምሯል። እነዚህ ሁለቱ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው፤ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ማናቸውንም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ስለ ባለቤትዎ የምለው ጥቂት ነው። ይንገሩ፤ ነገር ግን እንደ ኑዛዜ ሳይሆን እንደ መረጃ። «ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ሳብኩ፤ ባልደረባዬ ሲሰጠኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም» ማለት በቂ ነው። የተደበቀች ሳብታ ሁለተኛዋን መደበቅ ታቀላለች፤ አደጋዋ እዚያ ላይ ነው። የሚፈልጉትን እርዳታም ለይተው ይጠይቁ፤ «አበረታቺኝ» ወይም «አበረታታኝ» የሚል ጥያቄ ማንም ሰው እንዴት እንደሚፈጽመው አያውቅም፤ «ከእራት በኋላ አብረን እንራመድ» የሚለው ግን ይፈጸማል። ለባልደረባዎም በሐራራ ሰዓት ሳይሆን በሰላሙ ጊዜ «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» ብለው አስቀድመው ያስጠንቅቁት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ሊያስደነግጡዎ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። በሕልምዎ ሲያጨሱ አይተው በጸጸት ሊነቁ ይችላሉ፤ የተለመደ ነው፤ ሕልሙ ከፓቹ ጋር ከበዛብዎት ማታ ማታ ያንሡት። ሳል ሊጨምር ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው የሆድ ድርቀት ይገጥመዋል። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ክብደት መጨመርም አለ፤ ክብደቱን ግን በዚህ ወር አይዋጉት፤ ሁለት ጦርነት በአንድ ጊዜ መክፈት ብዙዎችን ወደ ሲጋራው መልሷል። የማይለቅ ኀዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ይህን እንደ ሐራራ ቆጥረው አይታገሡት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከወራት በኋላም ሐራራው አንድ ቀን ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜም ሰዓትዎን ይመልከቱ።

ቀኑን ከአንድ ልጀምር ወይ ላሉት፣ ሐኪሞችና አማካሪዎች ሁሉ በዚህ አይስማሙም፤ የእኔ ፍርድ ግን አይጀምሩ የሚል ነው። በእነዚህ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ በቀድሞው ልማድዎ 220 ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ያጨሱት ሁለት ሳብታ ነው። ይህን ወደ ዜሮ ማውረድ ትሕትና ሊመስል ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ስሕተት ነው። ቅዳሜን ሳይሰርዙ በጎኗ ምልክት አድርገው መቁጠርዎን ይቀጥሉ። ይህ ምላሽ ሲደርስዎ ስንተኛው ላይ እንደሆኑና ሐራራው በሰዓትዎ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፉልን፤ የብዕር ስምዎን ግን እስከዚያ መቀየር ሳይኖርብዎ አይቀርም።